ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ የሚቋረጥ ኢንተርኔት፦ ችግሩን የት ጋ ልፈልገው?

የጀሞዋ_አስተማሪ
ቅዳሜ፣ ምሽት 1:40

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ወር ሊሞላው የተቃረበ ችግር አለብኝ። ራሴ ልፈታው ሞክሬ አልቻልኩም።

ቤታችን ጀሞ ነው፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ። ኢንተርኔቱ የሚገባው በስልክ ሽቦ ነው። ፋይበር ገና አልገባልንም። ራውተሩ 5 ዓመት አልፎታል።

የምሠራው ከቤት ነው። ውጭ አገር ተወልደው ላደጉ የእኛ ልጆች በቪዲዮ ፊደልና ንባብ አስተምራለሁ። ማክሰኞ ስቶክሆልም ያሉ ሁለት እህትማማቾች አሉኝ። ቅዳሜ ደግሞ ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ አምስት ልጆች። ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ይጀምራሉ።

ትምህርቱ ገና ሞቅ ሲል ኢንተርኔቱ ጥፍት ይላል። 3 ወይም 4 ደቂቃ ቆይቶ ይመለሳል። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይሄዳል። ዛሬ በአንድ ሰዓት ውስጥ 5 ጊዜ ጠፋ። አንዷ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ማንም እርዳታ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያነበበች ነበር። መጨረሻውን አልሰማሁላትም። ስመለስ ደግሞ ድጋሚ ማንበብ አልፈለገችም። በጣም ነው ያዘንኩት።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው፦ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ብቀመጥበት ምንም አይሆንም። አገልግሎት ሰጪው ጋ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ሁለቱንም ጊዜ «መስመሩ ደህና ነው» አሉኝ። ራውተሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ። የዋይፋይ የይለፍ ቃሉንም ቀይሬያለሁ። ለውጥ የለም። ከየት ልጀምር?

ካሳንቺስ_ልጅ
ቅዳሜ፣ ምሽት 1:58

አይዞሽ እህቴ። ያረጀ ራውተር እንዲህ ያደርጋል። ከኋላው «ሪሴት» የሚል ትንሽ ቀዳዳ አለው። በመርፌ ወደ 10 ሰከንድ ተጭነሽ ያዢው። እንደ አዲስ ይነሳልሻል። እኔ የሞባይል ዳታ በምጠቀምበት ራውተሬ ሁሌ የማደርገው እሱን ነው፣ ይሠራል።

ሽቦና_መስመር
ቅዳሜ፣ ምሽት 2:15

እህቴ፣ እባክሽ ያቺን ቀዳዳ እንዳትነኪያት።

ወንድሜ ካሳንቺስ፣ በቅንነት እንደመከርክ አውቃለሁ። የአንተ ሲም ካርድ ስለሚገባበት ሪሴት ቢደረግም ይነሳል። የእሷ ግን በስልክ ሽቦ የሚሠራ ነው። ያ ራውተር መስመሩ ላይ የሚገባው የገጠሙላቸው ባለሙያዎች በሞሉለት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ማለቴ አይደለም፣ ሌላ ነው። ሪሴት ስታደርጊው ያ ሁሉ ይጠፋል። ስሙ ወረቀት ላይ ከሌለሽ እስኪነገርሽ ድረስ ያለ ኢንተርኔት ትቀመጫለሽ። አጥፍቶ ማብራት ምንም አይጎዳም። ሪሴት ግን የመጨረሻው መጨረሻ ነው።

22 ዓመት በስልክና በኢንተርኔት መስመር ሥራ ኖሬያለሁ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚደክመው ችግሩ የት እንዳለ ሳይለይ ማስተካከል ስለሚጀምር ነው። ራውተርሽ የት እንደታመመ ራሱ ይናገራል። ማክሰኞ ሲጠፋብሽ ስክሪኑን ትተሽ ተነሺና ራውተሩ ፊት ቁሚ። መብራቶቹን እያቸው።

«ዲኤስኤል» የሚለው፣ ማለትም በስልክ ሽቦ የሚመጣውን መስመር የሚያሳየው መብራት ብልጭ ድርግም እያለ የኃይሉና የዋይፋዩ ከበሩ፣ ችግሩ ከግድግዳው ወደ ውጭ ነው። የሽቦ መገጣጠሚያ፣ የሳጥን እርጥበት፣ እንዲህ ያለ ነገር። «ዲኤስኤል» ረግቶ በርቶ «ኢንተርኔት» የሚለው ከጠፋ ወይም ቀይ ከሆነ፣ መስመሩ ደርሷል፣ ተቀባይነት ያላገኘው የመግቢያ ስሙ ነው። ሁሉም እንደወትሮው በርተው ስልክሽ ላይ ብቻ ከሌለ ዋይፋዩ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ጠፍተው ከኃይል መብራቱ ጀምረው አንድ በአንድ ከበሩ ግን ኢንተርኔት አልጠፋም። ራውተሩ ራሱ ነው የጠፋው። ይሄኛው ፍጹም ሌላ መንገድ ነው የሚወስደን።

የቤት ስልክም ካላችሁ አንሺውና አዳምጪው። የሚንሿሿ ወይም የሚንጫጫ ድምፅ ካለ ሽቦው ላይ እርጥበት ወይም የላላ ነገር አለ።

ያየሁት_ነው
ቅዳሜ፣ ምሽት 2:40

የጋሼን ቃል አጸናለሁ። ባለፈው ክረምት ያንኑ ቀዳዳ ተጭኜ 6 ቀን ያለ ኢንተርኔት ቆየሁ። ውሉ ያለው በአከራዬ ስም ነው፣ እሳቸው ደግሞ ጎንደር ነበሩ። ያንን ስም ለማግኘት የሄድኩትን መንገድ አልረሳውም። አሁን ስሙንና የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፌ ራውተሩ ሆድ ሥር ለጥፌዋለሁ።

የማታ_ተማሪ
ቅዳሜ፣ ምሽት 3:05

ላፕቶፕ ካለሽ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ጥቁር የትዕዛዝ መስኮት ክፈቺ። በአንዱ ራውተሩን ፒንግ አድርጊ፣ «አለህ?» እያለ መልስ የሚጠብቅ ትዕዛዝ ነው፣ ብዙ ጊዜ አድራሻው 192.168.1.1 ነው። በሌላው 8.8.8.8ን፣ ውጭ ያለ የጎግል አድራሻ ነው። ሁለቱም ሳይቆሙ እንዲሄዱ አድርጊያቸው። ውጭው ሲቆም የራውተሩ መልስ ከቀጠለ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ሁለቱም እኩል ከቆሙ ወይ ዋይፋይ ነው ወይ ራውተሩ። ራውተሩ ድረስ በኬብል ብትሰኪ ደግሞ ዋይፋዩን ከጥርጣሬ ታወጪዋለሽ።

የጎረቤት ሰው ዋይፋይሽን እየተጠቀመ እንደሆነም እዪ። ራውተሩ ገጽ ውስጥ የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር አለ።

የጀሞዋ_አስተማሪ
ቅዳሜ፣ ምሽት 3:30

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ሽቦና መስመር፣ እርስዎ ባይደርሱ ኖሮ መርፌው እጄ ላይ ነበር። ዝርዝሩን አየሁት፣ የቤተሰባችን ሞባይሎችና የእኔ ላፕቶፕ ብቻ ናቸው። የቤት ስልኩንም አዳመጥኩት፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ማክሰኞ ያሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ።

ሽቦና_መስመር
ቅዳሜ፣ ምሽት 3:44

ጎበዝ። እስከዚያ ደግሞ በብራውዘርሽ ራውተሩ ውስጥ ግቢና የመስመሩን ሁኔታ የሚያሳየውን ገጽ ፈልጊ። በዴሲቤል የተጻፈ የሲግናልና የጫጫታ ልዩነት አለ። ከ6 በታች ከሆነ መስመሩ በትንሽ በትልቁ ይወድቃል። ከ10 በላይ ከሆነ እፎይ በይ።

የጀሞዋ_አስተማሪ
እሑድ፣ ጠዋት 4:20

14 ይላል ጋሼ።

ሽቦና_መስመር
እሑድ፣ ጠዋት 4:31

እንግዲያው ስልክ ላይ የመለሱልሽ ሰዎች እውነታቸውን ነው። መስመሩ ደህና ነው። ማክሰኞን እንጠብቅ።

የጀሞዋ_አስተማሪ
ማክሰኞ፣ ምሽት 12:50

አየሁት! ሁሉም መብራቶች አንድ ላይ ጠፉ። ከዚያ የኃይሉ መብራት በራ፣ ቀስ እያለ ሌላው ተከተለ። «ዲኤስኤል» ረግቶ እስኪበራ 3 ደቂቃ ያህል ፈጀ። በኬብል ነበርኩ፣ ሁለቱም ፒንግ እኩል ነው የቆሙት። ዛሬ 4 ጊዜ ሆነ። የቤቱ መብራት ግን አልጠፋም፣ ቴሌቪዥኑም እንደበራ ነበር።

ሎግ የሚለውን ገጽም፣ ራውተሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን፣ ከፈትኩት፣ እዚያ ላይ ነው የደነገጥኩት። 4 ጊዜ ሁሉ ቀኑ 1970-01-01 ይላል፣ ሰዓቱም ከ00:00 ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ወደ ዛሬ ቀን ይመለሳል፣ ግን ሰዓቱን 13:22 ይላል፣ እኔ ደግሞ ኢንተርኔቱ የተመለሰው 10:22 ላይ እንደሆነ ጽፌ ይዣለሁ። የሆነ ሰው ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ይሆን?

የማታ_ተማሪ
ማክሰኞ፣ ምሽት 1:10

አይዞሽ፣ ማንም አልገባም። እንዲያውም ያ 1970 ትልቅ ማስረጃ ነው። ራውተር እንደ እጅ ሰዓት ሰዓቱን የሚይዝበት ባትሪ የለውም። ጠፍቶ ሲነሳ ቀን አያውቅም። ስለዚህ ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን መቁጠር ከሚጀምሩበት ከጃንዋሪ 1፣ 1970 ይነሳል። በእኛ ታኅሣሥ 23፣ 1962 መሆኑ ነው። ኢንተርኔት ሲያገኝ ትክክለኛውን ቀን ከውጭ ይጠይቃል። እያንዳንዱ 1970 ራውተሩ አንድ ጊዜ ጠፍቶ እንደተነሳ ይነግርሻል።

ሰዓቱ ደግሞ በግሪንዊች የተሞላ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከግሪንዊች 3 ሰዓት ይቀድማል፣ ስለዚህ 13:22 በፈረንጅ አቆጣጠር 16:22 ነው። በእኛ ከቀኑ 10:22። ጻፍኩት ካልሽው ጋር ልክ ይገጥማል።

ሽቦና_መስመር
ማክሰኞ፣ ምሽት 1:25

ልጁ በደንብ አስረዳው፣ ተባረክ።

አሁን ኢንተርኔትን እንርሳ። የምንፈልገው ራውተሩን የሚያጠፋውን ነው። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ አስበሽ መልሺልኝ። ማክሰኞና ቅዳሜ ከ10 ሰዓት በኋላ እቤታችሁ ውስጥ በሌላ ቀን የማይበራ ምን ይበራል?

የጀሞዋ_አስተማሪ
ማክሰኞ፣ ምሽት 1:33

ጋሼ… እናቴ እንጀራ የምትጋግረው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። እኔ ክፍሌን ዘግቼ ሳስተምር ነው የምትጋግረው፣ እንዳትረብሸኝ ብላ።

ሽቦና_መስመር
ማክሰኞ፣ ምሽት 1:41

ተገኘ ማለት ይቻላል። ምጣዱ ሲበራ አምፖል ደብዘዝ ይላል? ደግሞስ እናትሽ ምጣዱን አንዴ አብርታ ትጨርሳለች ወይስ መሀል ላይ ታጠፋዋለች?

የጀሞዋ_አስተማሪ
ማክሰኞ፣ ምሽት 1:52

ጠየቅኳት። በጣም ሲግል ታጠፋዋለች፣ ሲበርድ መልሳ ታበራዋለች። የሳሎኑ አምፖልም ያኔ ፈዘዝ ይላል፣ እኛ ስለለመድነው ልብ ብለነው አናውቅም። ራውተሩ ሳሎን ነው፣ ከቴሌቪዥኑና ከፍሪጁ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ ነው የተሰካው። ምጣዱ ግን ኩሽና ውስጥ ለብቻው ነው።

እናቴ አሁን በጣም ከፍቷታል። «ልጆቹን የማቋርጣቸው እኔ ነኝ ለካ» እያለች ነው። ሌሊት እጋግራለሁ ብላ ተነስታለች። እባካችሁ ሌላ መፍትሔ ካለ ንገሩኝ።

ፌዝና_ኑል
ማክሰኞ፣ ምሽት 2:20

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ከጋሼ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። የራውተር አዳፕተር ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡት። ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። የእኛ መብራት 220 ነው። ምጣድ ሲበራ ወደ 180 ቢወርድ እንኳ አዳፕተሩ ሊሰማው አይገባም። ምጣድ ብቻውን ራውተር አያጠፋም። እኔ ቤትም ይጋገራል፣ ራውተሬ ጠፍቶ አያውቅም።

ሽቦና_መስመር
ማክሰኞ፣ ምሽት 2:38

ወንድሜ፣ ያልከው ለአዲስ አዳፕተር ልክ ነው። የእሷ ግን 5 ዓመት ሌት ተቀን ሳይነቀል የኖረ ነው። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ሙቀት ውስጥ። አዳፕተር ውስጥ ካፓሲተር የሚባል ትንሽ በርሜል የሚመስል ዕቃ አለ። ኃይል አጠራቅሞ የሚይዝ እሱ ነው። መብራቱ ለቅጽበት ሲዋዥቅ ራውተሩ እንዳይሰማው የሚያደርገው እሱ ነው። ሙቀት ዓመት በዓመት ያደርቀዋል። ሲደርቅ መያዝ ያቅተዋል። በአዘቦቱ ቀን ምንም አይታወቅም። ምጣድ ሲበራ ግን ወደ ራውተሩ የሚሄደው 12 ቮልት ለአፍታ ይወርዳል፣ ራውተሩም ጠፍቶ ይነሳል። ቴሌቪዥኑ ግን የራሱ ኃይል ሰጪ ክፍል ስላልደከመ ዝም ብሎ ይቀጥላል።

ስለዚህ ምጣዱም ብቻውን አይደለም፣ አዳፕተሩም ብቻውን አይደለም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ለእናትሽ ንገሪያት፦ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ሌሊት መነሳት አያስፈልጋትም።

ፌዝና_ኑል
ማክሰኞ፣ ምሽት 2:55

ተቀብያለሁ ጋሼ። ካፓሲተሩን አላሰብኩትም። አስተካክለውኛል።

ግን እህቴ፣ ከኢንተርኔቱ በላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል፣ 16 አምፒየር ገደማ ነው። ቤት ውስጥ ከዚያ የሚከብድ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዲቫይደር ላይ በፍጹም አይሰካም። እናንተ ለብቻው በመሰካታችሁ ደስ ብሎኛል። ነገ ግን የምጣዱን ሶኬት ፊት እዪው። ቢጫ ወይም ቡኒ ሆኗል? ሲጋገር በእጅሽ ጀርባ ጠጋ ብለሽ ሲዳሰስ ይሞቃል? እንዲያ ከሆነ ውስጥ የላላ ብሎን አለ። የላላ ብሎን ይግላል፣ እሳት የሚነሳው ከዚያ ነው። ራስሽ እንዳትከፍቺው፣ ባለሙያ ይምጣ።

የጀሞዋ_አስተማሪ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3:15

አየሁት፣ ሶኬቱ አንድ ጎኑ ቡኒ ሆኗል። የሰፈራችንን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼዋለሁ። ከልብ አመሰግናለሁ።

አያት_49
ረቡዕ፣ ቀን 7:10

ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ መሀል ገባሁ። የእኔ ፋይበር ነው። ትናንት ዕቃ ካዘዋወርን በኋላ «ኤልኦኤስ» የሚል ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ኢንተርኔት ፈጽሞ የለም። እኔም አዳፕተር ልቀይር?

ሽቦና_መስመር
ረቡዕ፣ ቀን 7:26

የአንተ ሌላ ነው፣ አዳፕተር አትግዛ። ያ ቀይ መብራት «ብርሃን አልደረሰኝም» ማለቱ ነው። ፋይበር ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ብርሃን ነው። ዕቃ ካዘዋወራችሁ በኋላ ከሆነ ከግድግዳው እስከ ሳጥኑ ያለውን ቀጭን ገመድ በዓይንህ ተከተለው። የሆነ ቦታ ታጥፎ ወይም ተጭኖ ይሆናል። የመዳብ ሽቦ ቢታጠፍም ይሠራል፣ ፋይበር ግን ከልክ በላይ ሲታጠፍ ብርሃኑ ከመንገዱ ይወጣል። ከታሰረበት ፍታውና ዘርጋ አድርገው። ሲጠመዘዝ ቢያንስ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ክብ ይኑረው።

አደራ የምልህ አንድ ነገር፦ ገመዱን ነቅለህ ጫፉን ወደ ዓይንህ አታስጠጋ። የሚሄድበት ብርሃን በዓይን አይታይም፣ ግን ሌዘር ነው። ልጆችም ካሉ አርቅላቸው። ጫፉን በጣትህም አትንካው፣ የጣት ቅባት ብቻ ብርሃኑን ያዳክመዋል።

አያት_49
ረቡዕ፣ ቀን 8:02

የሶፋው እግር ላዩ ላይ ቆሞበት ነበር! አነሳሁት፣ ቀይዋ ጠፋች፣ አረንጓዴው በራ። ዕድሜ ይስጥልኝ።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ
ረቡዕ፣ ምሽት 2:30

እኔ አሜሪካ ነኝ፣ እናቴ ደሴ ናት። ዕድሜዋ 74 ነው፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ኢንተርኔቷ ሲጠፋ ምን እንደማደርግ ጨንቆኝ ነው የምኖረው። ጋሼ ስለ መብራቶቹ የጻፉትን ሳነብ ለእሷም ልሞክረው አልኩ። ግን የመብራቶቹ ስም በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ ፊደሉም በጣም ደቃቅ ነው፣ አይታያትም። እንዴት ላድርግ?

የማታ_ተማሪ
ረቡዕ፣ ምሽት 2:48

ለአክስቴ ያደረግነውን ልንገርሽ። የእህቴ ልጅ በቀለም ወረቀት ትንንሽ ምልክት ሠርቶ ከእያንዳንዱ መብራት በላይ ለጠፈ። ቢጫ ለኃይሉ፣ ሰማያዊ ለመስመሩ፣ ቀይ ለኢንተርኔቱ። አሁን በስልክ «ሰማያዊው በርቷል?» እንላታለን፣ ትነግረናለች። ደሴ የሚመላለስ ዘመድ ካለሽ አንድ ቀን ይበቃዋል። ስልኳ ላይ ትንሽ የሞባይል ዳታ አስሞዪላት፣ ቤቱ ሲጠፋ ፎቶ አንስታ ልትልክልሽ ትችላለች።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ
ረቡዕ፣ ምሽት 2:55

የወንድሜ ልጅ ቅዳሜ ሊያያት ይሄዳል። ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። ተባረኩ።

የጀሞዋ_አስተማሪ
ሐሙስ፣ ምሽት 1:15

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ ነበር። የምጣዱ ሶኬት ውስጥ አንዱ ብሎን ላልቶ ሽቦው ጫፉ ጠቁሯል። ሶኬቱን ቀየረው። ቆጣሪው አጠገብ ያለው ዋና ብሬከር ላይም አንድ የላላ ነበር፣ አጠበቀው። ሳሎን ውስጥ ለካው፦ ምጣዱ ጠፍቶ 214 ቮልት፣ በርቶ 191። ሳያጠብቀው በፊት በርቶ 186 ነበር። የቀረው መውረድ ከሕንጻው ሽቦ ነው አለኝ። በዚህ ሰዓት ብዙ ቤት ይጋገራል።

አሁን አዳፕተር ልገዛ ነው። ምን ምን ልይ?

ሽቦና_መስመር
ሐሙስ፣ ምሽት 1:34

አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ። ቮልቱ ልክ አንድ ዓይነት ይሁን። ያንቺ 12 ከሆነ 12 ነው፣ 9 ወይም 5 የሚሉ ራውተሮችም ስላሉ በግምት አትግዢ። አምፒየሩ ግን እኩል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ያንቺ 1 አምፒየር ከሆነ 1.5 ቢሆን አይጎዳም፣ ራውተሩ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚወስደው። 0.5 ከሆነ ግን ተመልሰሽ እዚያው ችግር ውስጥ ነሽ። የሚሰካው ጫፍ ውፍረቱ ይግጠም። መደመርና መቀነስ የተሳለበት ትንሽ የክብ ሥዕል ደግሞ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን እዪ። እሱ ከተገላበጠ ራውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ሱቅ ውስጥ ከመክፈልሽ በፊት በእጅሽ መዝኚው። በጣም ቀላል ከሆነ እኔ አልወስደውም።

ፌዝና_ኑል
ሐሙስ፣ ምሽት 1:50

አቅም ካለሽ ለራውተር የሚሆን ትንሿን 12 ቮልት ዩፒኤስ ጨምሪ። ውስጧ ባትሪ አለ። መብራት ቢዋዥቅም ቢሄድም ራውተሩ አይሰማውም። የስልክ መስመሩ መነሻ ጣቢያ የራሱ ባትሪ ካለው ሰፈሩ ጨልሞ አንቺ ማስተማር ትችያለሽ። ራውተሩን ግን ከዚያ ዲቫይደር አውጪው፣ ከፍሪጅ ጋር አንድ ላይ አይሁን። ፍሪጅም ሲነሳ ይስባል።

የጀሞዋ_አስተማሪ
ቅዳሜ፣ ምሽት 12:40

ትምህርቱን አሁን ጨረስኩ። እናቴ እንደወትሮዋ ጋገረች። አንዴም አልጠፋም! ሙሉ ሰዓቱን! ምጣዱ ሲበራና ሲጠፋ አምፖሉ ፈዘዝ ሲል አየሁ፣ ራውተሩ ግን ፍንክች አላለም። አዲስ አዳፕተር፣ ለብቻው ሶኬት። ዩፒኤሱን ወር ሲደርስ እገዛለሁ።

ያቺ ልጅ ያቋረጠችውን ዓረፍተ ነገር ዛሬ አነበበችልኝ። ከዚያ ሌላ ሦስት ጨመረች።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ወንድሜ መኝታ ቤት ሆኖ ሲጠቀም በጣም ይንቀራፈፍበታል። ሳሎን ሲመጣ ደህና ነው።

የማታ_ተማሪ
ቅዳሜ፣ ምሽት 1:05

እንኳን ደስ አለሽ! የወንድምሽ ዋይፋይ ነው፣ ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም። ማታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁሉም ቤት ራውተር በርቶ ሁሉም በአንድ የአየር መስመር ይጮሃል። ራውተሩ ገጽ ውስጥ የዋይፋይ ቻናል አለ። በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ አንዱ በሌላው ላይ የማይወጣው 1፣ 6 እና 11 ብቻ ነው። ከሦስቱ ጎረቤት ያልበዛበትን ምረጪ። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተሽ ከፍ ያለ ቦታ አድርጊው፣ መኝታ ቤቱ በኩል። የኮንክሪት ዓምዱ ባይጋርደው በጣም ይለያል።

የጀሞዋ_አስተማሪ
ማክሰኞ፣ ምሽት 12:15

ቻናሉን 11 አደረግነው፣ ራውተሩንም ከኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ ሰቀልነው። ወንድሜ ደህና ነው። ራውተሩ ሳይጠፋ የቆየበትን ጊዜ አሁን አየሁት፣ 2 ቀን ከ21 ሰዓት ይላል። ከሰቀልነው ጀምሮ አንዴም አልጠፋም ማለት ነው። ስሙንና የይለፍ ቃሉንም ከአገልግሎት ሰጪው ጠይቄ ጽፌ ለጥፌዋለሁ፣ ጋሼ።

እናቴ ዛሬ ሊጡን አቅርባ፣ ምጣዱን ሳታበራ ክፍሌ በር ላይ ቆመች። «ላብራ?» አለችኝ። ልጆቹ እየሰሙ ነበር። «አብሪ እማዬ» አልኳት።